ለምህላ ሸመታ፦ ከደሴ ገበያ ምን ይወሰድ፣ ምን ይተው

ሰበካ ጉባኤ ለምህላ ገንዘብ ሲመድብ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ማጉያው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ጥላና ምንጣፍ። ሕዝቡ በእጁ ይዞ የሚያነበው ነገር ግን ማንም ሳያነሳው ይቀራል። ምህላ ካህኑ እያደረሰ ሕዝቡ የሚያዳምጠው ጸሎት አይደለም፤ ግማሹ የሕዝቡ ተሰጥዎ፣ ማለትም መልስ፣ ነው። ተሰጥዎው ካልታወቀ ማጉያው የቱንም ያህል ቢጮህ ምህላው የሁለት ካህንና የአንድ ዲያቆን ሆኖ ያልፋል፤ ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጽሐፍ ይቀድማል፤ ጧፍና ዕጣን ይከተላሉ፤ ማጉያ መጨረሻ ነው። የተመዘነው ደሴ ውስጥ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅና በንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች የሚገኘው ዕቃ ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አልተጻፈም።

በብዛት የሚሸጠው መጽሐፍ ትንሿ የኪስ መጽሐፍ ናት፦ የዘወትር ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ ሁለት መልክእ (የቅዱሳን ውዳሴ)። ለቤት ጸሎት የሚያህላት የለም። ለምህላ ግን አትበቃም፤ የተሰናዳችው አንድ ሰው ስለ ራሱ እንዲጸልይባት ነው። ስለ ዓለም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ተቸገረው የሚደርሰው የማኅበር ልመና ያለው ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፈ ቅዳሴው ውስጥ ዲያቆኑ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰላም ጸልዩ ብሎ ያውጃል፤ ከዚያ ስለ ጳጳሳቱ፣ ከዚያ ስለ ማኅበሩ ይቀጥላል። መስተብቍዓቱ (የልመና ጸሎቶቹ) ደግሞ እያንዳንዱን ችግር ለብቻው ይይዛሉ፦ በእንተ ሕሙማን (ስለ ታመሙት)፣ በእንተ ነጋድያን (ስለ መንገደኞች)፣ በእንተ ዝናማት (ስለ ዝናም)፣ በእንተ ፍሬ ምድር (ስለ ምድር ፍሬ)፣ በእንተ ማያተ አፍላግ (ስለ ወንዞች ውኃ)፣ ስላንቀላፉትም ሳይቀር። በኪዳን ጸሎት ጊዜ የሚደርሰው «በእንተ ቅድሳት» ሰላምን፣ ሃይማኖትን፣ ኅብረትን፣ ትዕግሥትን እየጠራ ይሄዳል፤ ሕዝቡም በየመሀሉ «ኪርያላይሶን» እያለ ይቀበላል።

እንግዲህ አንድን የምህላ መጽሐፍ ስታገላብጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ሽፋኑ ሳይሆን እነዚህ አሉበት ወይ የሚለው ነው። በተለይ የዝናሙና የፍሬ ምድሩ። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የተመታ አገር ላይ እነዚህን ሁለቱን የዘለለ የምህላ ጥራዝ አሳታሚው ገጽ ለመቆጠብ እንዳዘጋጀው ይቆጠራል፤ አይገዛም። በየመሸጫው ከሚታዩት ቀጫጭን የ«ምህላ» ጥራዞች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሁለት ገጽ ላይ ተደጋግሞ ይታተማል፤ ልመናው ራሱ ግን የለም። እግዚኦታው የሚቀበለው ልመና ከሌለ ሕዝቡ ለምን ነገር ምሕረት እየጠየቀ እንደሆነ ሳያውቅ አርባ አንድ ጊዜ የሚባለውን እግዚኦታ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ፈተና የፊደል ነው፤ ሻጩ ፊት ቆሞ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። «መሐረነ» የሚለውን ገጽ ግለጡ። በሐመሩ «ሐ» ከታተመ «ማረን» ነው። በሃሌታው «ሀ» ከታተመ ግን «አስተማረን» ይሆናል። በኮምፒውተር ተጽፈው ሳይታረሙ የወጡ ጥራዞች ላይ የሚገኘው ይኸው ነው። አንዱ ከተሳተ ሌላውም እንደተሳተ ቁጠሩት፤ ሠረቀ እና ሰረቀ ተምታተው «ወጣ» የነበረው «ሰረቀ» የሆነበት ጥራዝ ለሕዝብ አይታደልም። የታረመው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በጉባኤ ቤት (በአብነት ትምህርት ቤት) መምህር እንደታየ መቅድሙ ላይ ይገልጻል። መቅድም የሌለው፣ አራሚው ያልታወቀ ጥራዝ በዋጋ ቢረክስም መጨረሻው ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው ቀዩ ቀለም ነው። ደህና መጽሐፍ የካህኑን፣ የዲያቆኑንና የሕዝቡን ድርሻ ይ.ካ፣ ይ.ዲ፣ ይ.ሕ እያለ በቀይ ይለያል። በጥቁር ብቻ የታተመው ላይ እነዚህ ምልክቶች ከንባቡ ጋር ይዋሐዱና ሕዝቡ የዲያቆኑን አዋጅ አብሮ ያነባል። ይኼ ስሕተት በምህላ መሀል ሲፈጠር ለማቆም ይከብዳል፤ ሁለት መቶ ሰው አንዴ ከጀመረ ዲያቆኑ ነው የሚሸነፈው።

ሙሉው መጽሐፈ ቅዳሴ፣ ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመው፣ ለካህናቱ የግድ ያስፈልጋል። ለሕዝብ አይመከርም፤ ከብዷል፣ ፊደሉ ደቅቋል፣ የሚፈለገው ገጽ እስኪገኝ ልመናው ያልፋል። ገንዘቡ ቢወጣበት የማያስቆጨው ነገር ሌላ ነው፤ ደብሩ ራሱ የሚያዘጋጀው ባለ ስምንት ገጽ ወረቀት። ሁለት ኤ ፎር ወረቀት ተደርቦ መሀሉ ላይ ሲታጠፍ ስምንት ትንንሽ ገጽ ይወጣዋል። አንዱን ለሁለት ሰው ብታደርጉት ለሁለት መቶ ምእመን መቶ ቅጂ፣ ማለትም ሁለት መቶ ወረቀት ይበቃል፤ ከአንድ ደስጣ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። የፊደሉ መጠን ከ14 እንዳያንስ። በ12 የተጻፈ ወረቀት ቀን ይነበባል፤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ግን አሮጊቶቹ አጠገባቸው ያለውን ልጅ «አንብብልኝ» ማለት ይጀምራሉ። ግእዙን በላይ፣ ትርጉሙን ከሥሩ አድርጉት። ጎን ለጎን ካደረጋችሁት በዚህ መጠን ወረቀት ላይ መስመሩ ሦስት ሦስት ቃል ሆኖ ይሰባበራል። ቀይ ቀለም ከሌለ የሕዝቡን ድርሻ አጥቁራችሁ ጻፉት፤ የሌላውን በስሱ።

ከማተሚያ ቤት በፊት ግን የደብሩ መምህር ወይም አስተዳዳሪው ይየው። የወጣቶቹ ቅንነት ብዙ ነው፤ ከስልክ ላይ የተቀዳ ጽሑፍ ሳይታይ ሲባዛ ግን ከላይ የተባለው «መሀረነ» መቶ ቦታ ይደርሳል።

ስለ ስልክ ከተነሳ፦ የጸሎት መተግበሪያው ለመንገድና ለቤት ደግ ነው። ለማኅበር ጸሎት ሦስት ጉድለት አለበት። ስክሪኑ በየደቂቃው ይጠፋል፤ የአንዱ ገጽ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ በሌሊት ደግሞ ፊቱ የበራበት ሰው አጠገቡ ያለውን ያውካል። መጥሪያው ጮኾ የሚያስከትለውን እንተወው።

ለሌሊት ምህላ፣ በተለይ ከነሐሴ 1 ጀምሮ በፍልሰታ፣ ሰዓታቱ (የሌሊቱ ጸሎት) አይቀርም። ወሎ ላይ ሰዓታት መጽሐፍ ሲገዛ ትንሽ ኩራት ቢጨመርበት አያስወቅስም። ደራሲው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የወሎ ቦረና ሰው ናቸው፤ የተማሩትም ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። የታተመው ሰዓታት በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ የዜማ ምልክት ያለውና የሌለው። ምልክት የሌለውን ለሕዝብ፣ ያለውን ለመዘምራኑ ውሰዱ። ለጥራዙ ከመክፈላችሁ በፊት መሀሉን ገልጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። በክር የተሰፋ ከሆነ ሲገለጥ ተዘርግቶ ይቀመጣል። በሙጫ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ቆቦና ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሙጫው ይለቅና ገጹ አንድ አንድ እያለ ይወጣል።

አሁን ጧፍ። እዚህ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰም ነው ወይስ ፓራፊን? ሻጩ ሁሉ «የሰም ነው» ይላል፤ መልሱን ከጧፉ ጠይቁ። በጥፍራችሁ ፋቁት። የንብ ሰም ጥፍር ሥር ይጣበቃል፤ ፓራፊን እንደ ቅርፊት ፍርፍር ይላል። በመዳፍ ሞቅ ሲደረግ የንብ ሰም ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ የማር ሽታ ይሰጣል። ፓራፊን ይሰበራል፤ ሽታው ከጠፋ ፋኖስ ጋር ይመሳሰላል። ደሴ ብርድ ላይ የከረመ የሰም ጧፍ ላዩ ነጭ ብናኝ ያወጣል። ብዙ ሰው ሻገተ ብሎ ይተወዋል፤ ይህ ግን የንጹሕ ሰም ምልክት ነው፣ ሞቅ ባለ ጨርቅ ሲታሽ ይጠፋል። ስለዚህ ከሁለት እስር አንዱ ነጭ ብናኝ ካለው እሱን አንሡ፤ አንዳንዴም በርካሽ ይገኛል።

ክሩም ይታያል። ጫፉን ፈታ አድርጋችሁ ለኩሱት። የጥጥ ፈትል አመድ ሆኖ ይበናል። ጫፉ ወደ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ከተለወጠ ናይለን አለበት፤ እንዲህ ያለው ጧፍ መሀል ላይ ይጠፋል፣ ጭሱም ዓይን ያነዳል። ክሩ ከሰሙ በላይ ሲወፍር ይጨሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ በቀለጠው ሰም ይሰጥማል። ግሸን ላይ፣ አምባው ነፋስ ስለማያጣ፣ ወፈር ያለ ክር ያለው ይሻላል። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሥዕል ካለ ቀጭኑና ንጹሑ። ፓራፊን የሚተወው ጥላሸት ሥዕሉ ላይ ዓመት በዓመት ይደራረባል፤ ሲጠረግ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ውጭ ዐውደ ምሕረት ላይ ለሕዝብ የሚታደለው ግን የፓራፊን ቢሆን አይከፋም። ገንዘቡን ለመቅደሱ ጧፍ አውሉት። ወደ ቆላ የሚሄድ ደብር ደግሞ ቀጭን የፓራፊን ጧፍ በብዛት አይግዛ፤ ቆቦ ሳይደርስ ይጎብጣል።

ሰፈፍ ገዝቶ ራስን ችሎ መሥራት የሚያዋጣ ነው፤ ጊዜ ካለ። ሰፈፍ የሚገኘው ከጠጅ ቤት ነው፤ እንደወጣ አተላና የንብ ክንፍ አለበት። ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ ጨምራችሁ በለሰለሰ እሳት አቅልጡት፤ ውኃው ሊፈላ ሲቃረብ ሰሙ ቀድሞ ቀልጧል፣ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነውና። በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ እንዲቀዘቅዝ ተዉት፤ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ እድፉ ከሥሩ ይያያዛል፣ በቢላ ይፋቃል። አንድ ጊዜ ካልጠራ ይደገማል። በቀጥታ እሳት ላይ ያለ ውኃ የተጣደ ሰም ከጋለ ይቀጣጠላል። ከተቀጣጠለ ውኃ አይደፋበትም፤ ነበልባሉ ጣራ ይነካል። ክዳን ጣሉበት፣ እሳቱን ከሥሩ አውጡ። ይህን የማያውቅ ሰው ሰም አያቅልጥ።

በሕዝብ መሀል ጧፍ ሲያዝ ዋናው አደጋ ነጠላ ነው። ጧፍ የሚይዙት ፊት ያሉት ብቻ ይሁኑ፤ የተቀሩት አሸዋ በሞላ ትሪ ላይ ይሰኩ። አንድ እጅ ለጧፍ አንድ እጅ ለወረቀት ከሆነ ስግደት ሲመጣ ሁለቱም መሬት ይወድቃሉ። ስለ ስግደት ካነሣን፣ ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ባለው ጊዜና በሰንበት ምህላ ቢያዝ ስግደት የለም፤ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ይህን ሲረሱ ሕዝቡ ግማሹ ሰግዶ ግማሹ ቆሞ ይደናገራል።

ዕጣን ደሴ ላይ በሁለት ዓይነት ይመጣል። ነጣ ያለውና ደረቁ የሰሜኑ ነው፤ ከአበርገሌና ከተከዜ ቆላ፣ ከመተማም ጭምር። ጠቆር ያለው የሚለጠፈው ከኦጋዴንና ከደቡቡ ቦረና ወገን ነው፤ ለቡና ይሆናል፣ ለማዕጠንት (በቤተ ክርስቲያን ለሚታጠነው) ግን የመጀመሪያው ይመረጣል። ጭሱ ቀለል ይላል፣ ሽታውም ጉሮሮ አይዝም። ማታለያው ሙጫ መቀላቀል ነው። የግራር ሙጫ ከዕጣን ጋር ሲደባለቅ በዓይን አይለይም። ሁለት ፍሬ ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ሙጫው ሟሙቶ ያልቃል፣ ዕጣኑ ውኃውን እንደ ወተት አደብዝዞ ፍሬው ይቀራል። አለዚያ አኝኩት፤ ዕጣን መጀመሪያ ይፈረካከሳል፣ ቀጥሎ እንደ ማስቲካ ይሆናል፤ ሙጫ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ፍም ላይ ሙጫ ያብጣል፣ ይከስላል፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል።

ዱቄቱን አትግዙ፤ ሲጨመር ፍሙን ያፍነዋል፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። የሽምብራ መጠን ያለው ፍሬ ይሻላል፤ ለአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ፍሬ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ከጥቅሙ ጭሱ ይበልጣል፤ በጠባብ ቤተ ክርስቲያን አስም ያለበት ሰው ልመናውን ትቶ ይወጣል፣ ለሕሙማን በሚጸለይበት ሰዓት። ፍሙ ከምህላው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞ ይያያዝ፤ ላዩ በአመድ እስኪነጣ ድረስ ጽና (የዕጣን ማጠኛው) ውስጥ አይግባ። ቶሎ የገባ ከሰል ይፈነጣጠራል፣ የከሰል ጭሱም የዕጣኑን ሽታ ይበላል። በክብሪት ወዲያው የሚያያዘው ከውጭ የመጣ ክብ ከሰል ለጥድፊያ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ የሚለቀው መጥፎ ሽታ እስኪያልፍ ግን ደጅ ይቆይ። ዕጣኑን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከሳሙናና ከሽቶ አርቁት፤ የሌላውን ሽታ ቶሎ ይወስዳል። መሸጫው ውስጥ ዕጣኑና ሳሙናው ወይም ሽቶው አንድ መደርደሪያ ላይ ከሆኑ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።

ጽናውን ስትገዙ ሰንሰለቱን ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ቀለበት እዩ፤ ጫፉ ያልተበየደ ቀለበት በሙቀት ይከፈታል። ክብደቱም ይመዘን፤ በጣም የቀለለው ሥሩ ቶሎ ይሳሳል።

መቁጠሪያ ቀላል ነገር ነው፤ ባለ 41 እና ባለ 64 ይሸጣል። ቁጠሩ። ባለ 41 ተብሎ 39 ወይም 43 የሆነ ይገኛል። በማኅበር ሲደርስ ግን የሚቆጥረው መሪው ብቻ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ከቆጠረ ማብቂያው ላይ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። በረጋ አነባበብ አርባ አንዱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ስግደት ካለ በእጥፍ ይረዝማል። ፕሮግራሙ ላይ ይህ ሰዓት ካልተያዘ መጨረሻ ላይ የሚቆረጠው ሁልጊዜ የመስተብቍዓቱ ክፍል ነው። ቀኝና ግራ ሆኖ እየተቀባበሉ ማድረስ ድካሙንም ይቀንሳል፣ ቆጠራውንም ያጠራል።

ድምፅ ማጉያው ላይ ምክሩ አጭር ነው። ካላችሁ አዲስ አትግዙ፤ ያለውን አስተካክሉ። ቀንዱ (ድምፅ ማውጫው) ከማይክራፎኑ ፊት እንጂ ጀርባ አይሁን፣ አለዚያ ያፏጫል። መብራት ስለሚቋረጥ ባትሪ ይኑረው፣ ባትሪውም ቀን ይሞላ። ድምፁ ሕዝቡ የራሱን ተሰጥዎ እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ይበል። ይህ የሚለካው መሳሪያው አጠገብ ሳይሆን ከኋላ፣ ከሴቶች መቆሚያ ነው። እዚያ ቆማችሁ የካህኑን ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ ከፍተኛ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድርቅ ሲመጣ ክርስቲያኑ ምህላ፣ ሙስሊሙ ዱዓ የሚይዘው በአንድ ሰሞን ነው፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ቦታ ጎረቤት ናቸው። ሰዓቱን ቀድሞ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ከማንኛውም ማጉያ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

የሚሸመትበት ጊዜ፦ ለፍልሰታ ከሆነ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ለጳጉሜን ምህላ ከሆነ ነሐሴ ሳያልቅ። መስከረም 21 የግሸን ንግሥ ስለሆነ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥሩ ጥሩው ጧፍ ተመርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው የተሰባበረውና ክሩ የወጣው ነው። በጀቱ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ መቶ ቅጂውን ወረቀት አሳትሙ፤ ጧፉን ምእመኑ ከቤቱ ይዞ ይመጣል።